የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የልጆቻችንን የካናዳ ወገን እስከ ሎያሊስቶቹ መቁጠር

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ረቂቁን እዚህ አስቀምጫለሁ። ያልመሰላችሁን ቆራርጡት። ከመካከላችን ከካናዳ ነባር ቤተሰብ ጋር የተጋባን ብዙ ነን። ልጆቹ በእኛ በኩል አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ይቆጥራሉ፤ ወደ አገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር በግድም ቢሆን ይማሩታል። በሌላው ወገን ግን ያላቸው «እኛ ሎያሊስቶች ነን፣ በ1783 ነው የመጣነው» የሚል አንድ ወሬ ብቻ ነው። ለማያውቅ፦ ሎያሊስት የሚባሉት በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ቆመው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ሰሜን የተሰደዱት ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ረቂቁ እነሆ፦ «ማኅበሩ ከሃሊፋክስ (ኖቫ ስኮሺያ)፣ ከሴንት ጆን (ኒው ብሩንስዊክ) እና ከኪንግስተን (ኦንታሪዮ) አባላት ጋር በመሆን የአባላትን ቤተሰቦች ስም በ1783ቱ የስደተኞች መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል፤ ያገኘውን በዐውደ ርእይ ያሳያል፤ ልጆቹንም ጥቁር ሎያሊስቶች ወደ ሰፈሩባት ወደ በርችታውን ወስዶ ያስጎበኛል።» ሐሳባችሁን ጻፉ።

የሃሊፋክሷ፦
እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጋር ልጣላ ነው። ከ1783 መጀመር የለብንም። መጀመር ያለብን ከልጆቹ ነው። ልጅ፣ ወላጅ፣ አያት እያልን ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱን እርከን በወረቀት እያሰርን እንሄዳለን እንጂ፣ መዝገብ ከፍተን የሚመስል ስም ካገኘን በኋላ ወደ ታች መውረድ ማለት አያት መምረጥ ነው።

ስለ መዝገቡ ልንገራችሁ፤ በሥራዬ ምክንያት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ቡክ ኦፍ ኒግሮስ» ነው የሚሉት፣ የጥቁሮች መዝገብ ማለት ነው። የሰላም ውሉ እንግሊዞች ሲወጡ የአሜሪካኖችን «ንብረት» ይዘው እንዳይሄዱ ይከለክል ነበር፤ ንብረት ሲሉ ባሪያዎችንም ጨምረው ነው። ኒው ዮርክ የነበረው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ካርልተን ደግሞ ነፃነት ቃል የተገባላቸውን ሰዎች አልመልስም አለ። እንግሊዝ በ1779 ባወጣችው አዋጅ ከአማፂ ጌቶቻቸው ያመለጡትን እንደምትጠብቅ ተናግራ ነበርና። ስለዚህ ኋላ የካሳ ጥያቄ ቢመጣ ተብሎ፣ ከኒው ዮርክ ወደብ የሚወጡት ጥቁሮች በ1783 መርከብ በመርከብ ተመዘገቡ፤ 3,000 ያህል ሰው። የመርከቡ ስም፣ የሚሄዱበት አገር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የቀድሞው ጌታና ቦታው፣ መቼ እንደጠፉ ሁሉ አለ። የሰውነታቸው አገላለጽ ግን ያስቀይማል። ከብት ተራ ላይ በሬ ሲመረጥ የሚባለውን ነው የጻፉት። ለልጆች ከማሳየታችን በፊት ይህን ብናወራበት ጥሩ ነው። ሌላው የሚረሳ ነገር፦ እዚያ ላይ ያለ ሁሉ ነፃ አልነበረም። ነጭ ሎያሊስቶች ይዘዋቸው የወጡ ባሪያዎችም በዚያው ተጽፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የባለቤቴ ወገን ሃሊፋክስ አጠገብ ካለው ከፕሬስተን ነው፣ አማቴም «ሎያሊስቶች ነን» ትላለች። ፕሬስተን ግን ሦስት ጊዜ ሰው ተፈራርቆበታል። መጀመሪያ ጥቁር ሎያሊስቶች ሰፈሩ። በጥር 1792 ከሃሊፋክስ 15 መርከቦች ወደ 1,200 የሚጠጋ ሰው ጭነው ወደ ሴራሊዮን ሲሄዱ አብዛኞቹ አብረው ሄዱ። ቃል የተገባላቸው መሬት ወይ አልተሰጣቸውም፣ ወይ የተሰጣቸው ድንጋይ ነበር፤ ቶማስ ፒተርስ የሚባለው ሰው አቤቱታውን ይዞ ለንደን ድረስ ሄዶ ነው ያ ጉዞ የመጣው። ከዚያ በ1796 የጃማይካ ማሩኖች (ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ዘሮች) መጡ፣ በ1800 እነሱም ወደ ሴራሊዮን ሄዱ። ከዚያ ከ1813 እስከ 1816 በሌላ ጦርነት፣ በ1812ቱ፣ ከአሜሪካ ከቼሳፒክ አካባቢ ያመለጡ ወደ 2,000 የሚሆኑ ስደተኞች ገቡ። የዛሬዎቹ የፕሬስተን ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚወርዱት ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ነው። ሎያሊስት አይደሉም ማለት ነው፤ ክብራቸው ግን በምንም አያንስም። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ «ሎያሊስት መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ካለ ለአማቴ ገና ሳንጀምር መልስ ሰጥተናል።

የኪንግስተኑ፦
ትክክል ነው፣ እኔም ከታች ወደ ላይ የሚለውን እደግፋለሁ። ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፣ ይህ እኛን አይከብደንም። ከልጆቻችን እስከ 1783 ደግሞ ሰባት ስምንት ትውልድ ቢሆን ነው።

ግን የኦንታሪዮ ነገር ከኖቫ ስኮሺያ በጣም ይለያል። እዚህ ትልቁ ሀብት የመሬት ማመልከቻ ነው። በ1789 ሎርድ ዶርቸስተር የሎያሊስቶች ልጆች መሬት እንዲያገኙ አስወሰነ። (ያው ካርልተን ነው፣ ማዕረግ ተጨምሮለት።) ወንዱም ሴቷም እያንዳንዳቸው 200 ኤከር፤ ወንዱ 21 ዓመት ሲሞላው፣ ሴቷ 21 ሲሞላት ወይም ስታገባ። መሬቱን ለማግኘት ማመልከት አለባቸው፣ ሲያመለክቱ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆኑ መናገር አለባቸው። «እኔ የእገሌ ልጅ፣ አባቴ በእገሌ ክፍለ ጦር ያገለገለ፣ አሁን የእገሌ ሚስት» ብላ በ1800ዎቹ መጀመሪያ የጻፈች ሴት ሁለት ትውልድ በአንድ ወረቀት አሰረችልን። የሴቶች የአባት ስም ከሌላ መዝገብ ሁሉ በሚጠፋበት ዘመን ይህ ወርቅ ነው። ማመልከቻዎቹን የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቋቸዋል። እኔና ባለቤቴ የክዊንቴ ባሕረ ሰላጤ ወገኖቿን ያገኘናቸው ከዚያ ነው።

ጥንቃቄም አለው። አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ስም ያላቸው አጎትና የወንድም ልጅ ሞልተዋል። የሎያሊስቶች ስም ዝርዝር ራሱ ላይ «ተሰርዟል»፣ «ታግዷል» ተብሎ የተጻፈባቸው ስሞች አሉ። ስሙን አይቶ እልል ከማለት በፊት አጠገቡ ያለውን ማስታወሻ ማንበብ ነው። ከ1752 በፊት የተወለደ ካገኛችሁ ደግሞ ቀኑን ተጠራጠሩ። እንግሊዞች አቆጣጠራቸውን የቀየሩት ያን ጊዜ ነው፣ 11 ቀን ዘለሉ፣ የዓመቱንም መጀመሪያ ከመጋቢት ወደ ጥር አዞሩ። በሁለት አቆጣጠር የኖርን ሰዎች ይህን ለልጆች ለማስረዳት ከማንም እንሻላለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ብሩ ከየት ነው? አንድ ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር «ለሁሉም ቤተሰብ የዲኤንኤ ምርመራ እንግዛ» ብለውኛል። እኔ አልስማማም። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ያለ አንድ ሰው በአማካይ የሚሰጥህ ከ128 እጅ አንዱን ነው፤ ምንም ሳይደርስህም ሊቀር ይችላል። የራቁ ዘመዶችን ሊያገናኝ ይችላል እሺ፣ «አያትህ ሎያሊስት ነው» የሚል ውጤት ግን አይወጣም። የልጆቻችን ምራቅ የት እንደሚቀመጥም ማሰብ ነው። በዚያ ገንዘብ የምስክር ወረቀት ቅጂ ብንገዛ ይሻላል።

የወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ እስማማለሁ። እኔ የምጨነቀው ልጆቹ እንዳይሰለቻቸው ነው። የድሮ እጅ ጽሑፍ ፊት አስቀምጠናቸው ሁለት ሰዓት አይቆዩም፣ እውነቱን እንነጋገር። ስለዚህ መጀመሪያ አያቶቻቸውን በስልክ ይቅረጹ። የት ተወለድሽ፣ እናትሽ ማን ትባላለች፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነበር የምትሄዱት፣ የት ነው የተቀበሩት። የቤተ ክርስቲያኑ ስም የጥምቀት መዝገቡን የት እንደምንፈልግ ይነግረናል። ከዚያ የ1931ን የሕዝብ ቆጠራ እንከፍትላቸዋለን፤ በ2023 ነው ለሕዝብ የተለቀቀው። የሚያውቋትን አያት ሕፃን ሆና ሲያዩዋት በራሳቸው ይቀጥላሉ። አንድ ነገር ግን ይጻፍልኝ፦ በሕይወት ያለ ሰው ስምና የልደት ቀን ኢንተርኔት ላይ አይለጠፍም።

የሴንት ጆኗ፦
እኔን ረሳችሁኝ እንዴ! ኒው ብሩንስዊክ ከኖቫ ስኮሺያ የተለየችው በ1784 ነው፣ ያውም ሎያሊስቶቹ ስለበዙ። ስለዚህ በ1783 ሴንት ጆን ወንዝ ላይ የሰፈረ ሰው የመጀመሪያ ወረቀቶቹ ሃሊፋክስ ሊገኙ ይችላሉ፣ የኋለኞቹ ፍሬድሪክተን። ሁለታችን ተጋግዘን መሥራት አለብን እንጂ እያንዳንዱ የየክፍለ ሀገሩን ይዞ አይሆንም።

ሌላው ከባድ ነገር ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ነጭ ሎያሊስቶች ናቸው፣ ሳሎናቸው ውስጥ የሎያሊስት ዘር መሆናቸውን የሚያሳየው የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። በ1784 ለመንግሥት ስንቅ ሲባል በተቆጠሩበት መዝገብ ላይ ግን ከቤተሰቡ ስም ቀጥሎ «አገልጋዮች» የሚል ዓምድ አለ፤ ብዙ ቦታ አገልጋይ የተባሉት ባሪያዎች ናቸው። የእኔ ልጆች ጥቁሮች ናቸው። በዚህ ዓምድ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያዩ ምን እላቸዋለሁ? ዐውደ ርእዩ ላይ ይህ ከቀረ እኔ የለሁበትም።

የኪንግስተኑ፦
እህቴ አይቀርም። እዚህም ያው ነው። አፐር ካናዳ (የዛሬዋ ኦንታሪዮ) በ1793 ባሪያ ማስገባትን የከለከለ ሕግ ያወጣችው እኮ ሎያሊስቶች ይዘው ስለመጡ ነው፤ ያን ጊዜ በባርነት ላይ የነበሩትንም ሕጉ ነፃ አላወጣቸውም። የሰፈሩበትም መሬት ባዶ አልነበረም፣ የሚክማቅና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ነው። ከሞሐውኮችም ከንጉሡ ጎን ተዋግተው አገራቸውን ያጡ፣ በ1784 በግራንድ ወንዝ ዳር መሬት የተመደበላቸው አሉ። ለጥቁር ሎያሊስት ደግሞ የሪቻርድ ፒርፖይንትን ታሪክ እናቅርብ። ከሴኔጋል አካባቢ በልጅነቱ ተሸጦ የመጣ፣ ለንጉሡ የተዋጋ፣ በ1821 በስተርጅና «ወደ አገሬ መልሱኝ» ብሎ ያመለከተ ሰው ነው። መሬት ሰጡት፣ አገሩ ግን አልመለሱትም። ይህን ለስደተኛ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

የምስክር ወረቀቱን በተመለከተ፣ ወረቀቱን ለሚሰጠው ለሎያሊስቶች ማኅበር ማመልከት ለሚፈልጉ አባላት አንድ የእኛ ችግር አለ። ማኅበሩ በየትውልዱ ማስረጃ ይፈልጋል። ልጄ የምትጠራው በእኔ ስም ነው፣ እኔ በአባቴ፣ እናቷ በራሷ ቤተሰብ። አንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም! የወላጆች ስም ያለበትን ረጅሙን የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ፣ አጭሩ አይረዳም። አያያዛችንን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ እኔ አዘጋጃለሁ፣ ሁሉም ይጠቀምበት።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «የሦስቱ ከተሞች አባላት የልጆቻቸውን የካናዳ ወገን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። እያንዳንዱ የወላጅና የልጅ ግንኙነት በሰነድ ይደገፋል፤ ከሌሎች ሰዎች የኢንተርኔት የዘር ሐረግ የተቀዳ ስም እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። የቤተሰቡ መነሻ ሎያሊስት፣ የ1812ቱ ጦርነት ስደተኛ፣ ከሎያሊስቶች በፊት የሰፈረ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የተገኘው ይጻፋል። በባርነት የነበሩ ሰዎች ስም በተገኘበት ሁሉ ከጌቶቻቸው ስም እኩል ይቀርባል። በጀቱ ለሰነድ ቅጂ፣ ለወጣቶች ቀረጻና ለበርችታውን ጉዞ ይውላል።»

የሃሊፋክሷ፦
አሁን ፕሮፖዛል ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ፤ «እርከኑ ካልተገናኘ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል» በይ። በኖቫ ስኮሺያ የልደትና የሞት ምዝገባ በ1864 ተጀምሮ በ1877 ቆመ፣ እስከ 1908 አልተመለሰም። የጋብቻው አልተቋረጠም። ከ1871 በፊት ያሉት የኖቫ ስኮሺያ ቆጠራዎች ደግሞ የሚጽፉት የቤቱን አባወራ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ መካከል ላይ ነው፣ 1783 ላይ አይደለም። ሰዓታችንንም ገንዘባችንንም እዚህ ላይ እናውል፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭ። የአማቴን ጉዳይ የመጀመሪያ አድርጉት፣ ፈቅዳለች። ምንም ቢወጣ እቀበላለሁ ብላለች፣ እኔ ግን እጠራጠራለሁ።

የሴንት ጆኗ፦
እኔም ተስማምቻለሁ። ፍሬድሪክተን ያለውን ቤተ መዛግብት ማነጋገር የእኔ ድርሻ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦
በርችታውን ሸልበርን አጠገብ ነው፣ ከሃሊፋክስ ሁለት ሰዓት የሚያልፍ መንገድ። የአውቶቡስ ዋጋ ጠይቄ እመለሳለሁ። የሚሄዱትን ልጆች ቁጥር አስቀድማችሁ ላኩልኝ፣ መቀመጫ ጎደለ ብሎ ጠዋት መደወል የለም። ምሳ ከየቤታችሁ ትይዛላችሁ።