የልማት ገንዘቡ ሳይመጣ ምን ልጠይቅ? (ከመንዝ)

ጠያቂ፦ አስተማሪዋ

የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

አስተማሪ ነኝ። የምኖረው መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው፤ እዚህ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። የሰፈራችን ዕድር ለከተማው የልማት ውይይት እኔን ወክሎኛል። «አስተማሪ ናት፣ ወረቀት ታነባለች» ተባለ፣ በቃ።

ለመጪው ዓመት ከፌዴራል በክልል በኩል የሚመጣ የካፒታል (ለግንባታ የሚውል) ገንዘብ አለ ተብሏል። ምን ይሠራበት በሚለው ላይ ሕዝቡ ይወያይ ተብለን ተጠርተናል። ባለፈው ዓመትም ተጠርተን ነበር። አዳራሽ ገባን፣ በፕሮጀክተር ሥዕል አየን፣ ሻይና ዳቦ ቀረበ። ሰው እጁን እያወጣ የየሰፈሩን ችግር ተናገረ። በመጨረሻ የተሠራው ግን መጀመሪያውኑ ሥዕሉ ላይ የነበረው ነው። ከገበያው ወደ ቢሮዎቹ የሚወስደው መንገድ ጌጠኛ ድንጋይ ለበሰ። መንገዱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። እኔም እሄድበታለሁ።

የእኛ ሰፈር ከዚያ መንገድ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ክረምት ሲገባ ከገበያው የሚወርደው ጎርፍ በመሐላችን ያልፋል። ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ) ነበረን፤ አሁን አፈርና ላስቲክ ሞልቶታል። ዝናብ ሲበረታ ሕፃናቱን እናቶቻቸው አዝለው ነው የሚያሻግሯቸው። ሁለት ቤት አጥሩ ተወስዷል።

እና ዘንድሮም ሄጄ «ዲች ይሠራልን» ብዬ ልመለስ? ወይስ የምጠይቀው ሌላ ነገር አለ? ይህ ገንዘብ እንዴት እንደሚታቀድ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በማዘጋጃ ቤት የዕቅድና የመሠረተ ልማት ሥራ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቤቴ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ልናገር።

አዳራሽ ውስጥ የምትናገሪው ቃለ ጉባኤ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። ውጤት የሚያመጣው ከዚያ በፊት ቢሮ ሄደሽ የምትጠይቂው ነው። ያ ያየሽው ሥዕል ከሰማይ አልወረደም። የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ የሚባል ሰነድ አለ፤ የ3 ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ይከለሳል። አንደኛው ዓመት ገንዘብ የተያዘለት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወረፋ ነው። ይህ አሠራር በከተሞቻችን የሰፋው በዓለም ባንክ ገንዘብ ይታገዙ በነበሩት ፕሮግራሞች ነው። በ2006 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው የከተሞች አስተዳደር ልማት ፕሮግራም 44 ከተሞችን ያዘ። በ2010 ዓ.ም. እሱን የተካው ፕሮግራም ደግሞ ወደ 117 አሰፋው። ከተማው ገንዘቡን ለማግኘት ዕቅድ ሊኖረው፣ ሒሳቡን ሊያስመረምር፣ የራሱንም ድርሻ ሊያዋጣ ግድ ነበር። በየዓመቱ ይመዘናል፤ ነጥቡ ዝቅ ካለ ገንዘቡም ዝቅ ይላል። የእናንተ ከተማ በዚያ ውስጥ ብትኖርም ባትኖርም የዕቅዱ ልማድ ዛሬ ብዙ ቦታ አለ። ስለዚህ «ዲች ሥሩልን» ከማለትሽ በፊት «የ3 ዓመቱን ዝርዝር አሳዩኝ» በዪ። ሰፈርሽ ሦስተኛው ዓመት ላይ እንኳ ከሌለ አዳራሽ ውስጥ ብታለቅሺም ዘንድሮ አይገባም። ካለ ግን ክርክርሽ ወደ ፊት ይምጣ የሚል ይሆናል። ያ በጣም የቀለለ ክርክር ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡን ምንጭ ጠይቂ። ሰው ሁሉ «ከፌዴራል የመጣ» ይላል፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የፌዴራሉ ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ድጎማው ለክልሉ ይመጣል፤ ክልሉ ደግሞ ለወረዳና ለከተማ አስተዳደር ያካፍላል። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ደመወዝ ይበላዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስበው ሌላ ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ደግሞ የራሱ ደንብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምን እንደሚሠራበትና እንደማይሠራበት አስቀድሞ ተጽፏል። ምንጩን ሳታውቂ ብትከራከሪ «ይህ ለዚያ አይሆንም» ብለው በአንድ ቃል ይመልሱሻል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ የቀን መቁጠሪያው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ሐምሌ ላይ መንዝ ውስጥ ማን ይቆፍራል? ነሐሴም ያው ነው። ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ በክረምቱ ካልተዘጋጀ ጨረታው ኅዳር ላይ ይወጣል፣ ውሉ ጥር ላይ ይፈረማል። ኮንትራክተሩ ዕቃ ሲያጓጉዝ በልግ ይመጣበታል። ግንቦት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል። ከዚያ ሰኔ ነው። ሰኔ 30 ገንዘቡ እንዳይመለስ ሁሉም ይሮጣል፤ ሲሚንቶው በዝናብ ይቦካል። ያን ዲች በሚቀጥለው ዓመት እዪው፣ ግድግዳው ተልጧል። በእናንተ አገር ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ትኩስ ኮንክሪት ሳይሸፈን ካደረ ይጎዳል። ስለዚህ ስብሰባው ላይ «ዲዛይኑ መቼ ያልቃል? ጨረታው በየትኛው ወር ይወጣል?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን የሚጠይቅ የሕዝብ ተወካይ ብዙ አላየሁም። ሲጠየቅም የሚመልሰው ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

ሌላው ጥገና ነው። አዲስ ዲች የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው። የሚጠረገው ግን በመደበኛ በጀት ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አይያዝለትም። ዲች ሲሠራ ሪባን ይቆረጣል፣ ሲጠረግ ማን ያያል? ያንቺም ሰፈር ዲች የተሞላው በዚህ ነው። ዕድራችሁ ከሰኔ በፊት በዘመቻ ሊጠርገው ይችላል። ግን የወጣውን አፈር የሚጭን መኪና ከማዘጋጃ ቤቱ ካልተገኘ አትድከሙ። ዳር ላይ የተከመረ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጽሑፍሽ አየሁ። መንገዱ ጌጠኛ ድንጋይ ለብሷል፤ እናንተ ከሥሩ ናችሁ። አፈር ውሃ ይጠጣል፣ የለበሰ መንገድ ግን አይጠጣም። ያ መንገድ ውሃውን ወዴት ነው የሚልከው? ወደ እናንተ ከሆነ ጥያቄሽ «ሌላ ፕሮጀክት ስጡን» አይደለም። «የጀመራችሁትን ጨርሱ» ነው። መውረጃ የሌለው መንገድ ያላለቀ መንገድ ነው። የዲዛይኑን ወረቀት ጠይቂ፤ የጎርፍ ማፋሰሻው የት ድረስ እንደተሣለ እዪ። ወንዝ ወይም ገደል ድረስ ካልደረሰ ክርክሩን ይዘሻል።

መልስ፦ ባለሱቁ (ሸዋ ሮቢት)

ጋሼ በደንብ አድርገው ተናግረዋል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሕዝብ ያልፈለገው ዕቅድ የሚያልፈው በዚህ ነው።

እህቴ፣ አበል ስትፈርሚ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቢ። አንዳንድ ቦታ የተሰብሳቢ ስምና ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት ኋላ ላይ «ሕዝቡ ተወያይቶ አጽድቋል» ከሚለው ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዛል። የተናገርሽው መጻፉን ሳታዪ ከአዳራሹ አትውጪ። ካልጻፉት ፊርማሽ አጠገብ በእጅሽ ጻፊበት፤ «የታችኛው ሰፈር ዲች ይቅደም ብያለሁ» ብለሽ። ይቆጣሉ፣ ግን አይሰርዙትም።

እኛ ቆላ ነን፣ ጎርፉ ከእናንተ ከደጋው ነው የሚወርድብን። እና ስትሠሩት ለእኛም አስቡልን እንጂ!

መልስ፦ የደብረ ሲና ልጅ (አሜሪካ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደብረ ሲና ቆሎ እየናፈቀኝ ነው የምጽፈው።

የምኖረው አሜሪካ ውስጥ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። እንዲህ ያለ የፌዴራል ገንዘብ እዚህም አለ፤ የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት ይባላል። ሕጉ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ በየዓመቱ በቀመር በቀጥታ ያገኛል። ከዚያ ያነሱት በስቴታቸው በኩል ነው የሚያገኙት። እኔ ሥራዬ ሌላ ነው። ግን ባለቤቴ የሰፈር ማኅበር ውስጥ ስላለ ስብሰባው ላይ ይጎትተኛል።

እዚህም ዕቅዱ ከስብሰባው በፊት ይጻፋል፣ በዚያ አንለያይም። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚሸፍን ዋና ዕቅድ አለ፤ ከሥሩ የየዓመቱ የድርጊት ዕቅድ ይወጣል። ልዩነቱ ረቂቁ በይፋ መውጣቱ ነው። ሰው አስተያየት እንዲሰጥበት ቢያንስ 30 ቀን ይቆያል። በዓመት ውስጥም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕዝብ ይሰማል። የከተማው ምክር ቤት የሚያጸድቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለክርክር ይመቻሉ። ከገንዘቡ ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች መጥቀም አለበት። መካከለኛ የሚባለው በአካባቢው ካለው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ 80 በመቶ ያልበለጠ ነው። የአንድ ሰፈር መንገድ ወይም ቱቦ ለመሥራት በአብዛኛው ከሰፈሩ ነዋሪ ቢያንስ 51 በመቶው በዚህ ገቢ ውስጥ መሆኑን ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። እንደ አረጋውያን ምግብና የልጆች ማቆያ ላሉ አገልግሎቶች የሚወጣው ከ15 በመቶ አይበልጥም። ለአስተዳደርና ለዕቅድ ሥራ 20 በመቶ ጣሪያ አለው። ለከተማው አስተዳደር ቢሮ መገንቢያ ደግሞ አይፈቀድም። ይህን ስሰማ የአገሬ አዳራሾችና የግቢ በሮች ትዝ አሉኝ፣ ሳቄ መጣ።

ግን እዚህ ሁሉ ነገር ያማረ እንዳይመስላችሁ። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ሻይም የለም። የሚመጡት አብዛኞቹ ገንዘብ ጠያቂ ድርጅቶች ናቸው፤ ድሃው ሥራ ላይ ነው። ገንዘቡ ሳይወጣ ሲከማችም ከተማው ጣጣ ውስጥ ይገባል። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው በእጁ ያልወጣ ገንዘብ ከአንድ ዓመት ድርሻው አንድ ተኩል እጥፍ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ጋሼ የጠቀሱት የሰኔ ሩጫ በሌላ መልክ እዚህም አለ። ዝናቡ ብቻ ነው የቀረው።

ለእህቴ አንድ ነገር ይጠቅማታል ብዬ አስባለሁ። እዚህ ሕዝቡ የሰጠው አስተያየት በአጭሩ ከዕቅዱ ጋር ይያያዛል። ከተማው ያልተቀበለውንም ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። እናንተ ጋ ይህን የሚያስገድድ ደንብ ባይኖርም መጠየቅ አያስከፍልም። «ጥያቄያችንን ካልተቀበላችሁት ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጻፉልን» የሚል ደብዳቤ ከዕድሩ ማኅተም ጋር አስገቢ። መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጡሽ፤ ቀሪውን ያዢ።

መልስ፦ ጡረተኛው (ደብረ ብርሃን)

የማኅተሙ ነገር ጥሩ ነው። ቁጥር ያለው ደብዳቤ ከመቶ ንግግር ይሻላል። የ70 በመቶው ነገር ግን እኛ ጋ ይቅደም ወይ ብባል እጠራጠራለሁ። ደመወዝ፣ ውሃና መብራት ያልሞላለት ከተማ ውስጥ ማን ድሃ ነው ብሎ ለመለየት መጀመሪያ መዝገቡ ያስፈልጋል። ማን ይመዘግባል? ለጊዜው ጎርፉ የሚያልፍበትን ቤት መቁጠር ይቀላል።

ጠያቂ፦ አስተማሪዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደብረ ሲናዋ እህቴም፣ የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜም አመሰግናለሁ። ትናንት ከሥራ በኋላ ቢሮ ሄጄ የ3 ዓመቱን ዝርዝር ጠየቅሁ። ልጁ መጀመሪያ ገርሞት አየኝ። ቆይቶ ግን አወጣልኝ። የእኛ ሰፈር አለ! ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ «የጎርፍ ማፋሰሻ ጥገና» ተብሎ። ርዝመቱ አልተጻፈም፣ ዋጋውም አልተጻፈም። የመንገዱን ዲዛይን ግን «ኃላፊው ሲመጣ» ተባልኩ።

ርዝመቱን እኛው ለክተን ብናስገባ ይቀበሉናል? ወይስ መሐንዲስ ካልሆነ አይሆንም?

መልስ፦ ጡረተኛው (ደብረ ብርሃን)

ይቀበላሉ፤ ለዋጋ ግምት መነሻ ስለሚሆናቸው ሥራ ይቀንስላቸዋል። ሜትር ያዙና ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥታችሁ ውሃው እስከሚወድቅበት ድረስ ለኩ። ስፋቱንና ጥልቀቱን በየቦታው ጻፉ፤ ጠባብ የሆነበትን አትዝለሉ። ስንት ቤት ዳርና ዳር እንዳለ ቁጠሩ። የተወሰዱትን ሁለት አጥሮች ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሁሉንም ከደብዳቤው ጋር አያይዢ፤ ኃላፊው ሲመጣ ለዲዛይኑ ስትሄጂ ይዘሽው ግቢ።

መልስ፦ ባለሱቁ (ሸዋ ሮቢት)

ስትለኩ ከቢሮው አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ኋላ «ማን ለካው» እንዳይሉ።