በኦገስት ወር ከእናቴና ከልጆቼ ጋር በሸራ ጀልባ የግሪክ ደሴቶችን ለመጎብኘት የትኛው ባሕር ይሻላል?

ሰላም ከሽቱትጋርት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት እኔና ባለቤቴ፣ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን፣ ከዋሽንግተን የምትመጣው ታናሽ እህቴ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የሚመጡት የ67 ዓመት እናቴ ሆነን፣ የሸራ ጀልባ ተከራይተን በግሪክ ደሴቶች መካከል አንድ ሳምንት ለማሳለፍ አስበናል። ባለቤቴ እዚህ ጀርመን ውስጥ በሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ መንዳት ተምሮ የምስክር ወረቀት ይዟል፤ በባሕር ላይ ግን መርቶ አያውቅም።

እህቴ ሳንቶሪኒንና ሚኮኖስን ሳላይ ግሪክ ሄድኩ አልልም ትላለች። እኔ ደግሞ ስለ ኤጂያን ባሕር ነፋስ ያነበብኩት ስላሳሰበኝ በምዕራብ በኩል ወዳሉት የአዮኒያን ደሴቶች፣ ማለትም ወደ ሌፍካዳ፣ ኢታካና ኬፋሎኒያ አዘነብላለሁ። እናቴ ዋና አይችሉም፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ የፍልሰታን ጾም ደግሞ በማናቸውም ምክንያት አይፈቱም። ሆኖም የጉዞው ሐሳብ የእርሳቸው ነው፤ ልጅ ሳሉ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያዩትን ባሕር በዓይናቸው ለማየት ይመኛሉ። ስለዚህ ሳምንቱ ለእርሳቸው ድካም ብቻ ሆኖ እንዲያልፍ አልፈልግም። የትኛው ባሕር ይሻላል? ካፒቴን መቅጠርስ የግድ ነው? እናቴ በጀልባ ላይ እንዴት ያድራሉ፣ ምንስ ይመገባሉ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የፒሬዎስ ነዋሪ

እህቴ፣ የምኖረው በአቴንስ ወደብ በፒሬዎስ ነው፤ ለዓመታትም በኪራይ ጀልባዎች ላይ ሠርቻለሁ። በነፋሱ ምክንያት ያደረብዎት ሥጋት ተገቢ ነው። ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ የሚነሣው በባልካን አገሮች ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ በቱርክ ምድር ላይ ደግሞ ከበጋው ሙቀት የተነሣ ዝቅተኛ ግፊት ሲኖር ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚጓዘው አየር ኤጂያንን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየጠረገ ይወርዳል። የሚበረታው በጁላይና በኦገስት ሲሆን፣ የነፋስን ጥንካሬ በሚያሳየው በቦፎርት መለኪያ 5 ወይም 6 መሆኑ የተለመደ ነው፤ 7 የሚደርስባቸው ቀናትም አሉ፣ አልፎ አልፎ 8 ይሆናል። ሰባት ማለት ከ28 እስከ 33 ኖት፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ በሰዓት ከ50 እስከ 60 ገደማ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ደመና ሳትታይ ስለሚነፍስ ሰማዩን ብቻ አይቶ መነሣት አደገኛ ነው። አንዴ ከጀመረ ለተከታታይ ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ በሚኮኖስና በቲኖስ መካከል እንዳለው ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይከራል።

ሰዎች ብዙውን ጊዜ ልብ የማይሉት የመመለሻውን መንገድ ነው። ከአቴንስ ተነሥተው ወደ ሚኮኖስ ሲሄዱ፣ መንገዱ 90 የባሕር ማይል ያህል ቢሆንም፣ ነፋሱ ብዙም አይቃወምዎትም። ጀልባ የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹን ቀናት ያንኑ መንገድ በነፋሱና በማዕበሉ ላይ እየወጡ ማሳለፍ ይመጣል። እርስዎ ከሚወስዷቸው ልጆችና እናት ጋር ይህን ማድረግ ፈጽሞ አልመክርም። ሳንቶሪኒ ደግሞ ከዚህም ይርቃል፤ በእሳተ ገሞራው በተፈጠረው ገደል ሥር ያለው ባሕር ከ300 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ መልሕቅ ታች አይደርስም፣ በደሴቱ ደቡብ ያለችው የቭሊሃዳ ወደብም ትንሽ ናት። እህትዎ ሳንቶሪኒን ማየት ከፈለጉ ከጀልባው ሳምንት በፊት ወይም በኋላ ከፒሬዎስ በፌሪ ይሂዱ፤ ፈጣኑ ፌሪ አምስት ሰዓት ገደማ፣ መደበኛው ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

ካፒቴን ይቅጠሩ። የግሪክ ሕግ ጀልባውን የሚመራው ሰው ለባሕር የሚያገለግል የታወቀ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ ከእርሱም ሌላ ልምድ ያለው አንድ አዋቂ በጀልባው ላይ እንዲገኝ ይጠይቃል። የባለቤትዎ ወረቀት ለሐይቅና ለወንዝ ብቻ የተሰጠ ከሆነ አይበቃም። ወረቀቱ ቢበቃ እንኳ ከሐይቅ የመጣን ሰው የሚፈትነው ወደብ መግባቱ ነው። እዚህ ጀልባ የሚታሰረው በጎኑ ሳይሆን በጀርባው ነው፤ ከወደቡ ግንብ 40 ወይም 50 ሜትር ርቆ መልሕቅ ከፊት ይጣላል፣ ሰንሰለቱ እየተለቀቀ ጀልባው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያም ሁለት ገመድ ከኋላ ወደ ግንቡ ይወረወራል። ግራና ቀኝ የሌሎች ሰዎች ጀልባዎች ባሉበት፣ ነፋስ ከጎን እየገፋ፣ ይህን ሁሉ በእርጋታ ማከናወን ልምምድ ይጠይቃል። ሰንሰለትዎ በጎረቤት ሰንሰለት ላይ ከተጋደመ ደግሞ ጠዋት ሲነሡ የእርሱንም መልሕቅ ነቅለው ይወጣሉ። የካፒቴን ክፍያ በተለምዶ በቀን ከ150 እስከ 250 ዩሮ ገደማ ነው፤ ምግቡ በተከራዩ ነው፣ የሚተኛበት ክፍልም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመኝታ ክፍሎችን ስትቆጥሩ እርሱንም ቁጠሩት። ባለቤትዎ ከጎኑ ሆነው መሪውን እየያዙ ሳምንቱን ሙሉ ሊማሩ ይችላሉ።

እናት ከስቶክሆልም

ከፒሬዎስ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አዮኒያንም በኦገስት ምንም የማያስቸግር ባሕር ተደርጎ እንዳይወሰድ ጥቂት ልጨምር። እኛ ከልጆቻችን ጋር የምንሄደው ወደዚያ ነው፣ በጣምም እንወደዋለን።

የዚያ የበጋ ነፋስ ማይስትሮ ይባላል፤ የሚመጣውም ከሰሜን ምዕራብ ነው። ባሕሩ ረግቶ ያረፍዳል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ቀስ በቀስ ይነሣል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ላይ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ በቦፎርት ከ3 እስከ 5 ስለሆነ ሕፃናት ሳይፈሩ ሸራ ተዘርግቶ ይሄዳል። ችግሩ ሸራ ለመዘርጋት የሚመቸው ሰዓት ወደብ ውስጥ ቦታ ከሚያዝበት ሰዓት ጋር መጋጨቱ ነው። በሰሜን ኬፋሎኒያ ያለችው ፊስካርዶ በኦገስት እኩለ ቀን ላይ ሞልታ ልትገኝ ትችላለች። እኛ ማልደን በሞተር እንነሣና ቦታ እንይዛለን፤ ሸራ የምንዘረጋው በሜጋኒሲ ደሴትና በኢታካ መካከል ባለው ሰፊ ባሕር ላይ፣ የምናድርበት ቦታ መጨናነቅ በማይበዛበት ቀን ነው። ፊስካርዶን ግን አትዝለሏት። በኦገስት 1953 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኬፋሎኒያና በዛኪንቶስ ያሉትን አብዛኞቹን ቤቶች ሲያፈርስ እርሷ ስለተረፈች፣ ከቬኒስ ዘመን የወረሰችውን የቤት አሠራር ዛሬም ታያላችሁ።

መንገዱ አጭር ነው። ከሌፍካዳ ከተማ ወይም በዚያው ደሴት ካለችው ከኒድሪ ተነሥቶ ሜጋኒሲ፣ ከዚያ ኢታካ ላይ ኪዮኒ፣ ከዚያ ፊስካርዶ፣ በመልሱ ካስቶስ ወይም ካላሞስ ቢኬድ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ15 የባሕር ማይል አይበልጥም፤ ይህም በ5 ኖት ሦስት ሰዓት ነው። ለትንንሽ ልጆች ከዚያ በላይ አይመከርም። ዛኪንቶስ ለአንድ ሳምንት ሩቅ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ለልጆቹ የውሃ ጫማ አትርሱ፤ ዳርቻው በአብዛኛው ጠጠር ነው፣ በድንጋዮቹ ላይም እሾሃም የባሕር እንስሳት ይጣበቃሉ።

ስለ እናትዎ የማስበው ይህን ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከማዕበሉ ይልቅ የሚከብደው ከጀልባው ጀርባ ወደ ግንቡ የሚያሸጋግረው ጠባብ ሳንቃ፣ ወደ መኝታ ክፍል የሚያወርደው ቀጥ ያለ መሰላልና የመጸዳጃ ቤቱ ጥበት ነው። ካታማራን፣ ማለትም ሁለት አካል ያለው ሰፊ ጀልባ፣ ብዙም አያጋድልም፣ የመቀመጫው ወለልም ሰፊና ደልዳላ ነው፤ ኪራዩ ግን በጣም ይወደዳል። ሌላው አማራጭ በኒድሪ ወይም በሜጋኒሲ ቫቲ መንደር ለእናትዎ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አንዳችሁ በየተራ አብራችኋቸው እያደራችሁ፣ ቀን ቀን በአጫጭር ጉዞ ጀልባው ላይ እንዲውሉ ማድረግ ነው። በኒድሪና በሜጋኒሲ መካከል ፌሪ ስላለ ጀልባው ርቆ ቢሄድ እንኳ እርሳቸው አይቸገሩም። ሌፍካዳ ከዋናው ምድር ጋር በድልድይ የተገናኘች ስለሆነች፣ ከፕሬቬዛ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድባችሁ ነው፤ ይህም ለእናትዎ ትልቅ ዕረፍት ነው። ቪዛን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ጀርመን ስለሚያሳልፉ የሸንገን ቪዛውን ከጀርመን መጠየቅ ትክክል ነው፤ በዚያው ቪዛ ግሪክ መግባት ይችላሉ።

ዲያቆን ከአቴንስ

የጾሙን ነገር ማንም ስላላነሣው እኔ ልጻፍ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያንም የእመቤታችንን ጾም ትጾማለች፤ በአዲሱ አቆጣጠር ከኦገስት 1 እስከ 14 ሆኖ በዓሉ በ15 ይከበራል። የእኛ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ፣ እናትዎ ሲጾሙ ግሪኮቹ በመካከል ፈትተው ያገኟቸዋል። ሆኖም ከበዓሉም በኋላ ቢሆን የጾም ምግብ በየምግብ ቤቱ አይጠፋም። በቲማቲምና በዘይት የተጋገረ ትልልቅ ባቄላ፣ የተፈጨ የአተር ክክ ፋቫ፣ በሎሚና በወይራ ዘይት የሚቀርብ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በብዛት አለ። ኒስቲሲሞ (የጾም) ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ አስተናጋጁ ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ግሪኮች በጾም ዓሣ ባይበሉም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ የመሳሰሉትን ግን ይበላሉ። የጾም ምግብ ተብሎ የቀረበው ሳህን ለእናትዎ የማይሆን ነገር ሊኖርበት ስለሚችል፣ እነዚህንም እንደማይበሉ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ኦገስት 15 በጉዟችሁ ውስጥ ከዋለ በምትገኙበት መንደር የሚደረገውን በዓል አያምልጣቸው። መሳለምና ሻማ ማብራት ይችላሉ፤ መቁረብ ግን አይቻልም፣ ከ451 ዓ.ም. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የምሥጢር አንድነት የለምና። እናትዎ ወደ ኮርፉ ቢያልፉ ደግሞ በኒቅያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ የሆነው የቅዱስ ስጲሪዶን ዐፅም የሚገኘው እዚያ ነው። ብዙ እናቶች ስለሚጠይቁኝ ይህንንም ልጨምር፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ ደሴት በተቃራኒው ባሕር፣ ወደ ቱርክ ጠረፍ አቅራቢያ ነው ያለችው። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት የሚኬደው በባሕር ብቻ ነው። ዋሻውንና በ1088 የተመሠረተውን ገዳም ማየት ለእርሳቸው ከሁሉ የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከአዮኒያን ሳምንት ጋር አይቀላቀልም፣ ለብቻው ይታሰብበት።

ሰላም ከሽቱትጋርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከእህቴ ጋር ተነጋግረን አዮኒያንን መርጠናል፤ ካፒቴን እንቀጥራለን፣ ለእናቴም ሜጋኒሲ ላይ ክፍል እየፈለግን ነው። እህቴ ወደ ሳንቶሪኒ ብቻዋን በፌሪ ትሄዳለች። ስለ ፍጥሞ ለእናቴ ሳነብላቸው በጣም ስለተደሰቱ ለመስከረም እያሰብንበት ነው። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ደኅንነት ነው፤ ለልጆቹና ዋና ለማይችሉት እናቴ ምን ላዘጋጅ?

የፒሬዎስ ነዋሪ

የልጆቹን ክብደት ለአከራዩ አስቀድመው በጽሑፍ ይላኩ፤ ላይፍ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፣ የልጆች ልክ ደግሞ በሁሉም ጀልባ ላይ አይገኝም። ጀልባውን ስትረከቡ እዚያው ወደቡ ላይ አልብሰው ይሞክሩት፤ በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ መኖሩንም ይመልከቱ፣ እርሱ ከሌለ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ ልጆቹም እናትዎም ይልበሱት፤ በተለይ ከትልቁ ጀልባ ወደ ትንሿ የጎማ ጀልባ ሲሸጋገሩ። እናትዎ ወደ ግንብ የሚሻገሩት ጀልባው ሙሉ በሙሉ ታስሮ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይሁን፣ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ ይያዛቸው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ከመነሣት በፊት ነውና፣ ለዕድሜያቸውና ለሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች የሚስማማውን ከአገር ሳይወጡ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ከካፒቴኑ በተጨማሪ እርስዎና ባለቤትዎ በሬዲዮው በ16ኛው ቻናል እርዳታ እንዴት እንደሚጠራ ይማሩ፤ የግሪክ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የአደጋ ስልክ ቁጥር 108 ነው፣ 112ም ይሠራል።