ደጃፍ የሌለው ቤት፦ ሕንፃ የሰውን መንፈስ ሊጎዳ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ልጅ ከአራት ኪሎ

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ ምክራችሁን የምሻበትን ጉዳይ ላስረዳ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርንበት የቀበሌ ቤት ለልማት ከተነሣ በኋላ ከከተማው ዳር በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ደርሶን ገብተናል። የድሮው ቤታችን የጭቃ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስሳል፣ መጸዳጃውንም ከስድስት አባወራ ጋር እንጋራ ነበር። አሁን በፈረቃም ቢሆን ውኃው ቤታችን ድረስ ይመጣል፣ መጸዳጃውም የራሳችን ነው። ስለዚህ ያለፈውን ኑሮ ላሞግስ አልመጣሁም።

ሆኖም እናቴ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከቤት መውጣት እየተወች መጥታለች፤ ቡናዋን ለብቻዋ አፍልታ ለብቻዋ ትጠጣለች፣ እንቅልፏም ተዛብቷል። ሐኪም አይቷት ከቆየው የደም ግፊቷ በቀር ይህ ነው የሚባል ሕመም አላገኘባትም። የሰፈሩ ሰው ስለ ተበተነ ነው እንዳልል፣ ከቀድሞ ጎረቤቶቻችን ሦስቱ እዚሁ ሳይት ውስጥ ናቸው፤ እንዲያውም አንዷ በእኛው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሕንፃው አሠራር ራሱ ይህን ያህል ሊያደርግ ይችላልን? ወይስ እርጅናን በግድግዳ እያሳበብኩ ነው?

መልስ፦ ንድፍ ሠሪ

በሥነ ሕንፃ ሙያ የተሰማራሁ ነኝና የማውቀውን ልበል። የቀድሞው ቤታችሁ የነበረውና የአሁኑ የሌለው ነገር ደጃፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ደጃፍ ቤትም መንገድም አይደለም። እናትዎ በርጩማቸውን አውጥተው ምስር እየለቀሙ ሲቀመጡ ማንንም አልጠሩም፣ ማንም ዘንድም አልሄዱም፤ የሚያልፈው ሰው ግን ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም፣ ሰላምታውም ወደ ወሬ፣ ወሬውም ወደ ቡና ይመራል። በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደርና ወደ ደረጃ ነው፤ ደረጃ ደግሞ ሰው የሚተላለፍበት እንጂ የሚቀመጥበት ስፍራ አይደለም። ስለዚህ ዱሮ ሳይታሰብ ይሆን የነበረው ነገር ሁሉ ዛሬ አስቦ መነሣትን ይጠይቃል።

በዚያ ላይ አብዛኞቹ የ20/80 (20 በመቶው በቁጠባ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈልባቸው) ብሎኮች ጂ ፕላስ 4፣ ማለትም ምድር ቤትና ከላዩ አራት ፎቅ ሆነው ያለ አሳንሰር የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ፎቅ ከፍታ ሦስት ሜትር ግድም ቢሆን እናትዎ ወደ ቤታቸው ለመመለስ 12 ሜትር ያህል ይወጣሉ፤ ደረጃዎቹ ሲቆጠሩ ወደ 70 ይጠጋሉ። ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተር እና ኩርት ባክ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ መርምረው ነበር። በር ለበር ከተጎራበቱት መካከል 41 በመቶው የቅርብ ወዳጆች ሲሆኑ፣ በዚያው ፎቅ በኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10 በመቶው ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው! በእናትዎና በሁለተኛ ፎቅ ባሉት ጎረቤትዎ መካከል ያለው ርቀት በሜትር ሲለካ ከቀድሞው ሰፈር ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዳቸው አይገናኝም።

መልስ፦ ብሎክ 47

ከላይ በተጻፈው በከፊል አልስማማም፤ እኔ በሌላ ሳይት የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ንድፉ ስለ ጋራ ኑሮ ፈጽሞ ያላሰበ አስመስሎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበዓል በግ ማረጃ፣ ለሠርግና ለለቅሶ እንዲያገለግል ተብሎ ኮሚናል የሚባለው ቤት ከብሎኮቹ ጋር ተሠርቷል። በእኛ ሳይት ግን አንዱ ኮሚናል ለሸቀጥ መጋዘን ተከራይቷል፣ ሌላው ተቆልፎ ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ለዕድር ስብሰባ መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን እንተክላለን። እንግዲህ ጥፋቱ የንድፍ ነው ወይስ የአስተዳደር?

መልስ፦ ንድፍ ሠሪ

ነጥቡን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የሚያጠናክረው ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሰው የገባበት ፕሩት አይጎ የሚባል መንደር ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች ነበሩት። አሳንሰሩ በየሦስት ፎቁ ብቻ እንዲቆም፣ በዚያም ሰፊ ኮሪደር ኖሮ እናቶች ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን እንዲያጫውቱ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ጥገናው በድሃ ተከራዮች ኪራይ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ ነበር አሳንሰሩ ተበላሸ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ኮሪደሩም የሚፈራ ስፍራ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ማፍረስ ተጀመረ። ይሁንና ከዚህ የምወስደው ሌላም ነገር አለ። የሁሉም የሆነ ስፍራ የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ ኮሚናላችሁ የተቆለፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ደጃፍ ግን ባለቤት አለው፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠርገው ሰው ይታወቃል።

መልስ፦ የቀን ተረኛ

ነርስ ነኝ፤ ስለ ጤናው ወገን አጭር ነገር ልጨምር። ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጽሯል። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ ያዩ ነበር። ዛፍ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ተኝተዋል፤ ዛፍ ያዩት የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። የጥቂት ሰዎች ጥናት ስለሆነ ሁሉን ነገር በእርሱ መደምደም አይገባም፤ ግን እናትዎ የሚቀመጡበት መስኮት ምን ያሳያል?

ለእንቅልፉ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ላይ መዋል ይረዳል፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የዋለ ሰው ሌሊቱን በደህና ለመተኛት ይቸገራል። የሚቻላችሁ ከሆነም ቤታችሁን አከራይታችሁ በዚያው ሳይት ምድር ቤት ብትከራዩ ከመድኃኒት ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ጠያቂው፦ ልጅ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መስኮታችን የሚያሳየው የሚቀጥለውን ብሎክ ግድግዳ ነው። ምድር ቤት የመከራየቱን ነገር እናቴ አልተቀበለችም፤ «በስንት ዓመቴ ያገኘሁትን ቤት!» አለች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤታችንን አነጋግሬ ግን ከብሎካችን መግቢያ አጠገብ ለሦስት ሰው የሚሆን አግዳሚ ለማሠራት ተስማምተናል፤ ጠራጊዋም እሳቸው እንዲሆኑ ራሳቸው ጠይቀዋል። ለእናቴ ስነግራት ጠዋት ፀሐይ ያገኘው እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገ በሦስት ሰዓት ወርጄ አያለሁ።