ቤልቪው ሕጋዊ ከተማ ለመሆን ለምን 84 ዓመት ፈጀባት?

ጥያቄ (ከሐይቅ ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በስተምሥራቅ ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ የምትገኘውን የቤልቪውን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ጀርመን የተወለደው ዳቦ ጋጋሪ ዊልያም ሜይደንባወርና አሮን መርሰር የተባሉት ነጭ ሰፋሪዎች በዚያ መሬት የያዙት በ1869 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲያትል የከተማነት ቻርተሯን ያገኘችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ቤልቪው ግን የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ የሆነችው ማርች 31 ቀን 1953 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሐይቅ በዓይን የሚታይ ርቀት ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (መንገደኛው መሐንዲስ)

ውድ ጠያቂ፣ ሰፋሪዎቹ የያዙት ባዶ መሬት እንዳልነበረ በማስታወስ ልጀምር። አካባቢው የዱዋሚሽ ሕዝብ አገር ነበር፤ በ1855 የተፈረመው የፖይንት ኤሊዮት ውል መሬቱን ከነባሮቹ እጅ ባያወጣው ኖሮ ሜይደንባወርም ሆነ መርሰር በስማቸው የሚያስመዘግቡት ነገር ባልኖረ ነበር።

ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት በእኔ አስተያየት ውሃው ነው። ሐይቁ ከ60 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ከመሆኑም በላይ ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ፣ የተለመደውን ዓይነት ምሰሶ ተክሎ ድልድይ መሥራት እጅግ ከባድ ነበር። ስለዚህ ከማዶ ወደ ሲያትል ለመሄድ ጀልባ መጠበቅ ግድ ነበር፤ ያለበለዚያ ሐይቁን መዞር ያስፈልጋል። ችግሩ የተፈታው ጁላይ 2 ቀን 1940 ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ውስጣቸው ክፍት በሆኑ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ላይ የሚንሳፈፍ ድልድይ ተመረቀ። የማለፊያ ክፍያው በ1949 ሲነሣ ደግሞ በሲያትል እየሠሩ በቤልቪው መኖር ለብዙ ቤተሰብ የሚቻል ነገር ሆነ።

ውሃው በሌላ መንገድም የአካባቢውን መልክ ለውጧል። በ1916 ሐይቁን ከባሕር የሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ሲከፈት የሐይቁ የውሃ ከፍታ ወደ 3 ሜትር ገደማ ዝቅ ስላለ፣ ቀድሞ ጀልባ ይገባበት የነበረው መርሰር ስሉ የተባለው የሐይቁ ገባር ውሃ አብዛኛው ረግረግ ሆኖ ቀረ። ከ1919 ጀምሮ ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከቦች በዚሁ ቦይ እየገቡ በሜይደንባወር ወሽመጥ የብርዱን ወራት ያሳልፉ ነበር። የዛሬዎቹን ፎቆች ለሚያይ ሰው ይህን ማመን ያስቸግራል።

መልስ (የታሪክ ተማሪ)

የመሐንዲሱ ማብራሪያ ስለ ድልድዩ ትክክል ነው፤ ለጥያቄው ግን በቂ መልስ አይመስለኝም። ኪርክላንድ በዚያው በምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ ያንኑ ውሃ ተደግፋ የምትገኝ ሆና ሳለ በ1905 ሕጋዊ ከተማ ሆናለች። ልዩነቱ ያለው በአሰፋፈሩ ላይ ነው። ኪርክላንድ ፒተር ኪርክ የተባለው እንግሊዛዊ ባለ ኢንዱስትሪ የብረት ፋብሪካ ሊያቆምባት ያቀዳት ስለነበረች፣ ፋብሪካው ሳይሳካ ቢቀርም መንገዶቿና የተቀራረቡ ሕንፃዎቿ ቀርተውላታል። ቤልቪው ግን በ1886 ፖስታ ቤት ብታገኝም የተበታተኑ እርሻዎች አገር ነበረች። በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ እስከ 160 ኤከር ይሰጥና በመሬቱ ላይ 5 ዓመት እንዲኖር ያስገድድ ስለነበር፣ በየአንዳንዱ ቤት መካከል ሰፊ ጫካ ይቀር ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚታለፍ ያሳዝነኛል። ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ የቀረበትን መሬት ነቅለው፣ አርሰውና አለስልሰው ለእርሻ ካበቁት ገበሬዎች መካከል ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከ1925 ጀምሮ በየዓመቱ ሕዝብ ይሰበሰብበት የነበረው የቤልቪው የእንጆሪ በዓል የተመሠረተው በአብዛኛው በእነርሱ ምርት ላይ ነው። ሆኖም የፌዴራሉ ሕግ ዜግነት ስለከለከላቸው ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር፤ የግዛቱ የ1921 ሕግ ደግሞ መሬት መግዛትንም ሆነ መከራየትን ከለከላቸው። ይህ ሕግ እንዲወጣ የተካሄደው ፀረ ጃፓናውያን ዘመቻ ግንባር ቀደም መሪ የነበረው የጋዜጣ አሳታሚው ሚለር ፍሪማን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ በሜይ 1942 ገበሬዎቹ ከነልጆቻቸው፣ አሜሪካ የተወለዱት ዜጎች ሳይቀሩ፣ በባቡር ተጭነው በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ፓይንዴል፣ ቀጥሎም ወደ ቱሊ ሌክ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። በዓሉም በዚያው ዓመት ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። የሚለር ልጅ ኬምፐር ፍሪማን ደግሞ በ1946 ቤልቪው ስኩዌር የተባለውን የገበያ ማዕከል ከፈተ።

ስለዚህ ድልድዩ መንገዱን ከፈተ ስንል፣ የመኖሪያ ሰፈር የተሠራበት መሬት ከማን እጅ እንደወጣም አብረን መናገር አለብን ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የገበሬዎቹን ነገር በዚህ ስፋት አላውቀውም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ነዋሪው ከ1940 በኋላ እየበዛ ከሄደ፣ ሕዝቡ እስከ 1953 ለምን ጠበቀ? አጠገቧ ያሉት ትናንሽ ከተሞችስ ለምን ከእርሷ ጋር አንድ አልሆኑም?

መልስ (አስተዳደር አዋቂ)

ማዘጋጃ ቤት የሌለው አካባቢ የሚተዳደረው ከግዛት በታች ባለው የአስተዳደር ክፍል፣ በካውንቲው ነው፤ እዚህ ላይ በኪንግ ካውንቲ ማለት ነው። ለተበታተነ የእርሻ አገር ይህ አይጎዳም፤ መንገዱ ከተጠገነና ፖሊሱ ሲጠራ ከመጣ ሰው ተጨማሪ ግብር የሚከፍልበት ምክንያት አይታየውም። ጥያቄው የሚነሣው ቤቶች ሲቀራረቡ፣ ሱቅ የት ይሠራ፣ የመኖሪያ ቦታ ስፋት ስንት ይሁን፣ ፍሳሹ በየት ይሂድ የሚል ክርክር ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ውሳኔው ሲያትል ላይ በሚቀመጡ የካውንቲ ባለሥልጣናት እጅ መሆኑ ነዋሪውን ያሳስበዋል። ከ1946 እስከ 1953 ያሉትን ዓመታት የማያቸው ይህ ስጋት የበሰለባቸው ጊዜያት አድርጌ ነው። አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ገና ከጅምሩ የከተማ ፕላን ባለሙያ መቅጠሩም ይህንኑ ያሳያል።

የጎረቤቶቹም ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይለያል። ክላይድ ሂል በዚያው በ1953፣ ሀንትስ ፖይንትና መዲና በ1955፣ ያሮው ፖይንት በ1959 ለየብቻቸው ተቋቋሙ። ሰፋፊ ቦታ ላይ የተሠሩትን ጸጥ ያሉ መኖሪያዎቻቸውን እንደነበሩ ለማቆየት ፈለጉ፤ ቤልቪው ብትጠቀልላቸው ግን ስለ መሬታቸው የሚወስነው የእርሷ ምክር ቤት ይሆን ነበር። በዚህ ምክንያት ቤልቪው ወደ ምዕራብ መስፋት ስላልቻለች ያደገችው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ነው፤ ሌክ ሂልስ የተባለውን የመኖሪያ ሰፈር በ1969 ጠቀለለች። ስትቋቋም 6,000 የማይሞላ የነበረው ሕዝቧ በ1970 ቆጠራ ከ60,000 በላይ የሆነው በወሊድና በስደት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የተሠሩ ሰፈሮች ከነነዋሪዎቻቸው ስለተጨመሩም ነው።