በ2 ሜትር ጣውላ ላይ የወደብ ባቡር፦ ሐዲዱን እንዴት ልዘርጋው?

አናጢው_ከዓለም_ገና

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዓለም ገና ነው፤ የቤት ዕቃ እሠራለሁ። እህቴ ከጀርመን አንድ ትንሽ ዲዝል ሎኮሞቲቭ፣ 8 አጫጭር ፉርጎዎችና ጥቂት ሐዲድ ልካልኛለች። ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው 87 እጥፍ ያነሰ። ቦታዬ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ የሠራሁት መደርደሪያ ነው፤ 2 ሜትር በ40 ሳንቲም። ዙሮ ዙሮ የሚመጣ ባቡር አይገባበትም፤ እኔም አላማረኝም። የምፈልገው ወደብ ነው። ፉርጎ ከመጋዘን ወደ መርከብ የሚገፋበት፣ ተራ የሚያዝበት፣ ሰው አስቦ የሚሠራበት።

ወደቡ ደግሞ አሰብ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። አባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዞ የአሰብን መንገድ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን። ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወረፋውና ስለ ክሬኑ ነበር። ፖለቲካ እንዳታስገቡብኝ አደራ።

የእንጨቱ ነገር አያሳስበኝም። 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ አስሬበታለሁ፤ አይጎብጥም። የቸገረኝ ሦስት ነገር ነው። ሐዲዱ እንዴት ይዘርጋ? መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ኤሌክትሪኩስ? ባሕሩን በምን ልሥራው?

ሽቦ_በሽቦ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ቦታህ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እይ። የመጣልህ ሐዲድ መሐሉ ላይ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ትንንሽ የብረት ነጠብጣቦች አሉት? ካሉት ሜርክሊን የሚባለው ኩባንያ ዓይነት ነው፤ በኤሲ ወይም በዲጂታል የሚሠራ። ፒኮ ወይም ሮኮ የሚባሉት በሚሠሩት የዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ኤሌክትሪክ) ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለውን ሎኮሞቲቭ ብታስቀምጥ ጎማዎቹ ግራና ቀኙን አገናኝተው ሾርት ያደርጉብሃል። ነጠብጣብ ከሌለው ግን ሐሳብ አይግባህ፤ 12 ቮልት ዲሲ ነው።

ለአዘረጋጉ ኢንግልኑክ የሚባለውን ፕላን ያዝ። አለን ራይት የሚባል እንግሊዛዊ ያወጣው ነው። ሁለት የሐዲድ መቀየሪያ ብቻ ይፈልጋል። ሦስት መስመር ይወጣል፦ አንዱ 5 ፉርጎ፣ ሁለቱ 3፣ 3 ፉርጎ የሚይዙ። በሌላው ጫፍ ያለው፣ ሎኮሞቲቩ ፉርጎ ስቦ የሚወጣበት መስመር ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ብቻ ይችላል። ጨዋታው ከ8ቱ 5ቱን በዕጣ መርጦ፣ በወጣላቸው ቅደም ተከተል መደርደር ነው። 6,720 ዓይነት አደራደር አለው፤ ቶሎ አይሰለችህም። ርዝመቶቹን እንዳታስረዝም። የጨዋታው ሕይወት ያለው ጥበቱ ላይ ነው። ያንተ ፉርጎ 12 ሳንቲም ግድም ከሆነ በ1 ሜትር ከ60 ያልቃል፤ የቀረው ለክሬኑ ይሆንሃል።

መብራት ሲጠፋ አትጨነቅ። የ12 ቮልት ባትሪ፣ የዲሲ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ አቅጣጫ ለመገልበጥ 6 እግር ያለው ስዊች፤ በቃ። መብራት ሲኖር የ12 ቮልት አዳፕተር ትሰካበታለህ። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን እንዳትሞክር፤ አብዛኛው 19 ቮልት ነው።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ። መቀየሪያው ላይ ሁለቱ ሐዲዶች የሚሻገሩባት ቦታ ፕላስቲክ ከሆነች አጭር ሎኮሞቲቭ እዚያው ላይ ይቆማል። ብረት የሆነውን ግዛና በ3 እግር ስዊች ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን) ቀይርላት። ሐዲዱን ደግሞ ከመጫወትህ በፊት አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረግ። በናንተ ሰፈር አቧራ ይኼ ግዴታ ነው።

ጡረተኛው_ከድሬ

ልጄ፣ የአባትህን መንገድ በማሰብህ ተባረክ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ አሰብ የባቡር ሐዲድ ኖሮት አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው በፈረንጆቹ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከምጽዋ የተነሳው በ1911 አስመራ ወጣ። ለአሰብ የደረሰላት መኪና ነው፤ የአባትህ ኤንትሬ።

ስፋቱም ይለያያል። የኛ የድሮው ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፤ የምጽዋው 950 ሚሊ ሜትር። ያንተ 16.5 ሚሊ በ87 ሲባዛ 1,435 ይመጣል። ይኼ በናንተ በኩል ከሰበታ የሚነሳው የአዲሱ ባቡር ስፋት ነው። ለታሪክ ልታመን ካልክ አዲሱን ጅቡቲ ሥራ። ግን ኮንቴነር ጭኖ አንድ ላይ የሚሄድ ባቡር ብዙ መገፋፋት የለውም፤ ላንተ ጨዋታ የድሮው ዓይነት ወደብ ይሻላል።

ሥራውን እንደ ሥራ ሥራው። ነዳጅ የጫነ ፉርጎ ከሎኮሞቲቩ ጋር በቀጥታ አይቀጠልም፤ መሐሉ ሌላ ፉርጎ ይገባል። በብዙ አገር እንዲህ ነው የሚሠራው። መርከቡ የሚጠጋበት ግንብ ላይ ደግሞ ከባድ ሎኮሞቲቭ እንዳይገባ ከልክል። ግንቡ አይችለውም ብለህ ፉርጎ ከፊት አስቀድመህ፣ በሱ እየገፋህ አስገባ። እነዚህን ሁለት ሕጎች ወንድማችን ከነገረህ ፕላን ጋር አዳምራቸው፤ ያኔ ለምን እንደምትገፋ ታውቃለህ።

አናጢው_ከዓለም_ገና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የርስዎ ሁለት ሕጎች ከነገ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ ይጻፋሉ። ሽቦም አመሰግናለሁ፤ ነጠብጣብ የለውም፣ አየሁት።

አሰብን ግን አልተውም። ሐዲዱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ነው የምሠራው፤ ከፊት ለፊቱም «ይህ ሐዲድ በእውን አልነበረም» ብዬ እጽፍበታለሁ። የቀረው ሁሉ የአሰብ ይሆናል። በፈረንጆቹ በ1967 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ ነበረ፤ አንዱን የ3 ፉርጎ መስመር ለሱ እሰጣለሁ። ሌላው 3 ለጨው። 5 የሚይዘው ረጅሙ መርከቡ አጠገብ ይሆናል፤ ቡና ይጫንበታል። አባቴንም አቆመዋለሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ነበር፤ በዚህ ልክ ልክ 2 ሳንቲም ይመጣል። ኤንትሬውን ከዋንዛ ቁራጭ መጥረብ ጀምሬያለሁ። አፍንጫ የለውም፣ ፊቱ ዝርግ ነው፤ መስታወቱን ለመለየት ቀጭን መሮ ያስፈልጋል። ተሳቢው ይቀላል።

የባሕሩን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ቀለም_ወዳጅ

እኔ ልመልስልህ ወንድሜ። ሥዕል አስተምራለሁ። ውሃ አታፍስ፣ ፈስሶ የሚደርቀውን፣ ብዙ ዋጋ ያለውን ሬዚንም አትግዛ። የባሕሩን ቦታ ከግንቡ 3 ሳንቲም ግድም ዝቅ አድርገህ ሌላ ኮምፔንሳቶ ምታ፤ 1/87 ላይ 2 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። በስቱኮ አለስልሰው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ።

ከዚያ ቀለም። ጥርት ያለ ሰማያዊ እንዳትቀባ። ወደብ ውስጥ ያለ ውሃ አረንጓዴና ግራጫ ይበዛበታል፤ ግንቡ ሥር ደግሞ ይጠቁራል። ጠርዙን አጥቁር፣ ወደ መሐል ስትሄድ አረንጓዴውን አፍካው፣ ቀለሞቹ ሳይደርቁ በስፖንጅ አዋህዳቸው። ሲደርቅ የሚያብለጨልጭ ቬርኒሽ በስሱ ደራርብ፤ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቅህ። ማዕበል ከፈለግህ የመጨረሻው ላይ ነጩን የእንጨት ኮላ በብሩሽ ጠብ ጠብ አድርግ፤ ሲደርቅ ነጭነቱ ይጠፋል። ከቬርኒሹ በኋላ ለአንድ ቀን በጨርቅ ጋርደው፤ የእንጨት ሥራህ ብናኝ ከገባበት አይወጣም።

መርከቡን ሙሉውን ለመሥራት አትድከም። 40 ሳንቲም ስፋት ላይ ሙሉ መርከብ አይገባም። ጎኑን ብቻ፣ ከግድግዳው ጋር አያይዘህ ሥራው፤ ከላይ ክሬኑ ይሸፍንልሃል።

አናጢው_ከዓለም_ገና

ጎኑን ብቻ! ይኼ አልመጣልኝም ነበር። እህቴ ተባረኪ። ያለኝ የኤምዲኤፍ ቁራጭ 1 ሜትር ከ10 ነው፤ መሐሉን ቀጥ አድርጌ ጫፉን ብቻ ላጥፈው ወይስ እንዳለ ይሁን?

ቀለም_ወዳጅ

ጫፉን ብቻ እጠፈው። ከኋላ በየ1 ሳንቲሙ በመጋዝ፣ ከፊት በኩል ስስ ሽፋን ብቻ እስኪቀር ቁረጠውና ቀስ ብለህ እጠፍ። ከታች፣ ውሃው ጥግ ያለውን ክፍል የዝገት ዓይነት ቀይ ቀባው።