ዪር 13 ለገባች ልጅ የኬሚስትሪ አስጠኚ ጠቁሙኝ (ሰሜን ለንደን)

እናት ከኬንቲሽ ታውን
ሰላም ለሁላችሁ። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ትምህርት ተጀመረ አይደል? ልጄ ዪር 13 ገባች፤ የሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የምትማረው ሒሳብ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው። ዪር 12 ማብቂያ ላይ በተፈተነችው ሁለቱን ቢ፣ ኬሚስትሪን ግን ዲ አመጣች። ፋርማሲ ነው የምትፈልገው። ክረምቱን «እያነበብኩ ነው» ስትለኝ ከረመች። ምን እንዳነበበች እሷና ስልኳ ያውቃሉ።

ሦስት ነገር እያማረጥኩ ነው። ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በቡድን የሚያስጠና ማዕከል አለ፣ በሰዓት 18 ፓውንድ። ቤት የሚመጣ አስጠኚ 45 ጠየቀኝ። ኦንላይን ደግሞ 30 ነው። አቅሜ በሳምንት 40 ፓውንድ ነው። የሞከራችሁ ንገሩኝ። ካልኩሌተርም ቀይሪ ተብላለች፤ የቱን ልግዛ?

ጋሼ ከስቶክዌል
ልጄ፣ ምንም አትድከሚ። ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሚያስጠና ዲያቆን አለ። ሁለቱን ልጆቼን ሰው ያደረጋቸው እሱ ነው። ትልቁ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ክፍያው እንደ አቅም ነው። ገንዘብሽን ሌላ ቦታ አትበትኝ።

እናት ከኬንቲሽ ታውን
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኬሚስትሪ ያስጠናል?

ጋሼ ከስቶክዌል
ሁሉንም ያስጠናል።

አንዴ የተቃጠለች
«ማዕከል» የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት የእኔን ስሚ። አምና ወንዱ ልጄን አስመዘገብኩ። የ12 ክፍለ ጊዜ ቅድሚያ ካልከፈልሽ አንቀበልም አሉኝ፤ 420 ፓውንድ ቆጥሬ ሰጠሁ። የመጀመሪያው አስጠኚ ጎበዝ ነበር። ሁለት ሳምንት አስተማረና ጠፋ። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። አራት ሰው ተቀያየረበት! በአምስተኛው ሳምንት ልጄ «እማ፣ እዚህ የሚሰጡን ጥያቄዎች እኛ መጽሐፍ ውስጥ የሉም» አለኝ። ለካ ትምህርት ቤቱ የሚከተለው ኦ ሲ አር የሚባለውን የፈተና ቦርድ፣ ያውም ቢውን ነው፣ ሳልተርስ የሚባለውን። እነሱ ደግሞ ልጁን ኦ ሲ አር ኤ ሲያስጠኑት ከርመዋል። ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ኬሚስትሪ ኬሚስትሪ ነው።» ገንዘቤን መልሱ ስል «ፈርመሻል» አሉኝ።

የሁለት ልጆች እናት
ውይ! ስሙን በውስጥ ላኪልኝ።

ዊልስደን
ለእኔም።

ሐረር ልጅ
እኔም። እኛ ሰፈር ያለው እንዳይሆን ብቻ።

ቡና በጨው
«ኬሚስትሪ ኬሚስትሪ ነው።» በርበሬም በርበሬ ነው። ሽሮው ላይ ሚጥሚጣ ጨምሩበትና ቅመሱት።

ጠበቃ አይደለሁም
በክሬዲት ካርድ ከፍለሽ ከሆነ ገና አልሞተም። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ከሆነ፣ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ባንኩም አብሮ ይጠየቃል። ደውይና «ሴክሽን ሰቨንቲ ፋይቭ» በያቸው፤ ያውቁታል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ባንኩ ክፍያውን የሚያስመልስበትን፣ ቻርጅባክ የሚባለውን ጠይቂ፤ እሱ ግን ቀነ ገደብ አለው። አምና ስለሆነ ላያልፍ ይችላል። ፈርሜያለሁ ማለት ደግሞ የተበላሸ አገልግሎት ተቀብያለሁ ማለት አይደለም።

አንዴ የተቃጠለች
በካሽ ነው የከፈልኩት።

ጠበቃ አይደለሁም
እንግዲህ... ደረሰኝ አለሽ?

አንዴ የተቃጠለች
ተወኝ ወንድሜ።

የብሪክስተን አባት
ስለ ገንዘብ ካነሳችሁ፣ ልጅቷ 16 ካለፈች መንግሥት በሳምንት 30 ፓውንድ ይሰጣታል። የእኔ ልጅ ይወስድ ነበር። በዚያ ለአስጠኚው ክፈይ።

የድሮ ተማሪ
አባባ፣ ኢ ኤም ኤ የሚባለውን ድጎማ ነው የሚሉት። እሱ እኮ እዚህ ኢንግላንድ ውስጥ በ2011 ቀርቷል። አሁን ያለው የ16–19 በርሰሪ የሚባለው የተማሪ ድጎማ ነው። ለሁሉም አይሰጥም። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ትምህርት ቤቱ ራሱ እያየ ነው የሚሰጠው። ለመጽሐፍ፣ ለትራንስፖርትና ለመሳሰሉት ይሆናል። እህቴ፣ ልጅሽ የተማሪዎች ቢሮ ሄዳ ፎርሙን ትጠይቅ። መስከረም ላይ ካልጠየቀች ገንዘቡ ያልቃል። ለልጅ የሚከፈለው ቻይልድ ቤኔፊትም እንዳይቋረጥ ትምህርት ላይ መሆኗን ማሳወቅ አለብሽ።

እናት ከኬንቲሽ ታውን
ይሄን አላውቅም ነበር! ተባረክ። ማዕከሉንስ ተይው ነው የምትሉኝ?

ቄራ
እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሳነብ ገረመኝ። እኛ ጋ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው የሚፈተነው። እናንተ በካልኩሌተር ትጨናነቃላችሁ።

ቡና በጨው
የመከራ ውድድር ተጀመረ። እኛም እኮ በኩራዝ አንብበናል።

የሁለት ልጆች እናት
ካነሳችሁ አይቀር፣ የእኔ ልጅ ሲክስዝ ፎርም ሱፍ ልብስ ልበስ ተብሏል። ያደገው በቱታ ነው። የት ልግዛ?

ዊልስደን
ኤም ኤንድ ኤስ ግዢ። ሱሪው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይችላል፣ ላውንደሪ አያስወጣሽም።

ሐረር ልጅ
አስዳም አለ፣ በግማሽ ዋጋ። ልጁ በስድስት ወር ይረዝምብሻል። ምን አስቸኮለሽ?

ዊልስደን
የአስዳው ጉልበቱ ላይ ያብረቀርቃል።

ሐረር ልጅ
ያብረቅርቅ። ትምህርት ቤት እንጂ ሠርግ አይሄድ።

የድሮ ተማሪ
ወደ ጥያቄው ልመለስ። እኔ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዪር 12 ላይ እኔም ኬሚስትሪ ዲ ነበረኝ፤ በመጨረሻ ኤ አመጣሁ። በመጀመሪያ አስጠኚ አትፈልጊ። የፈተና ወረቀቷን አስመጪና የት የት እንደጣለች እዪ። እኔ ኦርጋኒኩ አልነበረም የጎዳኝ፣ የሞል ስሌት ነው። አንዴ የሞል ስሌት ካልገባህ ታይትሬሽኑም፣ ሚዛናዊ ሁኔታውም፣ የፒኤች ስሌቱም አብሮ ይሄዳል። እኔ ግን ያንን ሳላውቅ ሦስት ወር ኦርጋኒክ ሳጠና ነበር።

ከዚያ ቦርዱን እወቂ። ኤ ኪው ኤ ነው? ኤድኤክሴል? ኦ ሲ አር ከሆነ ኤ ነው ቢ? አስጠኚውን በስልክ ስታናግሪ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው። ዝም ካለ ወይም «ያው ነው» ካለ ስልኩን ዝጊ። እህታችን ከላይ የጻፈችው የደረሰባት ለዚህ ነው።

ነጻ ነገር ሞልቷል። ፊዚክስ ኤንድ ማትስ ቱተር የሚባለው ድረ ገጽ ስሙ ኬሚስትሪ ባይልም ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በየርዕሱ ከፋፍሎ አስቀምጧል። ዩቲዩብ ላይ ለኬሚስትሪ አለሪ ኬሚስትሪ፣ ለሒሳብ ቲኤል ማትስ አሉ። እኔ ብሆን በ30 ፓውንዱ ኦንላይን በየሁለት ሳምንቱ እይዝላታለሁ። በመሃል ራሷ ሁለት ወረቀት ሠርታ፣ በማረሚያው አርማ፣ ያልገባትን ብቻ ለአስጠኚው ትውሰድ። በየሳምንቱ ባዶ እጇን ብትቀርብ 45ቱም ብክነት ነው።

ጋሼ ከስቶክዌል
ዲያቆኑ ይሄን ሁሉ እንደ አቅምሽ ከፍለሽ ነው የሚያሳያት። እናንተ ልጆች ኢንተርኔት አምልኮ ሆነባችሁ።

የድሮ ተማሪ
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ እሱ ጋ ተምሬያለሁ። ለጂሲኤስኢ (ዪር 11 ላይ ለሚፈተኑት) ሒሳብ ወደር የለውም። ኤ ሌቭል (ልጅቷ አሁን የምትማረውን) ኬሚስትሪ ስጠይቀው ግን «እኔ አላስተምርም» ብሎ ነው የመለሰኝ።

ጋሼ ከስቶክዌል
ስለማታዳምጥ ይሆናል።

ቡና በጨው
ጋሼ አሸነፉ። ክርክሩ ተዘጋ።

ፋርማሲስት ነኝ
እህቴ፣ ፋርማሲ ስላልሽ ልግባ። የሕክምና፣ የጥርስና የእንስሳት ሕክምና፣ እንዲሁም የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ማመልከቻ ኦክቶበር 15 ይዘጋል። ፋርማሲ እስከ ጃንዋሪ ጊዜ አላት። ግን አትዘናጊ፤ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ቀን ቀድመው ያስቀምጣሉ፣ ብዙዎቹ ከኦክቶበሩ እረፍት በፊት። ዋናው ነገር ፕሪዲክትድ ግሬዷ ነው፣ ታመጣለች ተብሎ አስቀድሞ የሚገመተው ውጤት። አስተማሪዋ ዩካስ (የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው) ላይ ዲ ወይም ሲ ብላ ከጻፈች የፋርማሲ በር ይጠባል። ስለዚህ ዛሬውኑ አስተማሪዋን አናግሪያት፦ «ግሬዱን ከመላክሽ በፊት እንደገና ትፈተን ወይ?» በያት። የሚፈቅዱ አሉ። ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሷ የምትጽፈው ድርሰትም ከእኛ ጊዜ ተቀይሯል። በ2026 ከሚገቡት ጀምሮ አንድ ረጅም ድርሰት ቀርቶ ሦስት ጥያቄ ሆኗል፣ ጠቅላላው 4,000 ፊደል።

እናት ከኬንቲሽ ታውን
ኧረ ፕሪዲክትድ ግሬዱን ማንም አልነገረኝም። ልጄማ «ገና ነው» ነው የምትለኝ። ነገ እደውላለሁ።

ካልኩሌተር ሻጭ አይደለሁም
ካልኩሌተሩን ሁሉም ረሳው። ለጂሲኤስኢ የያዘችው ካሲዮ ኤፍ ኤክስ 83 ከሆነ ለኤ ሌቭል ሒሳብ አይበቃትም፤ የባይኖሚያልና የኖርማል ስርጭት ስሌት የለውም። ኤፍ ኤክስ 991 ሲ ደብልዩ ግዢላት።

ዊልስደን
የእኔ ልጅ ግራፍ የሚስለውን ነው የያዘው፣ ሲ ጂ 50። ከመቶ ፓውንድ በላይ ከፈልኩበት። ምርጥ ነው።

ካልኩሌተር ሻጭ አይደለሁም
ፈርዘር ማትስ (ከፍ ያለውን ሒሳብ) ለሚወስድ እሺ። ለዚህች ልጅ ግን ትርፍ ነው። በዚያ ገንዘብ ሦስት ሰዓት አስጠኚ ታገኛለች።

ዊልስደን
ልጄ ሒሳብ ኤ ስታር ነው ያመጣው።

ካልኩሌተር ሻጭ አይደለሁም
ካልኩሌተሩ ነው ልጁ?

የሁለት ልጆች እናት
ቤት ውስጥ ታናናሾች ካሉ ቅዳሜ ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ላኪያት። ከንባብ ክፍሎቹ ውጭ ያሉት ጠረጴዛዎች ካርድ አይጠይቁም። ግን በጠዋት ካልሄደች ወንበር አታገኝም። የእኔ ትልቋ እዚያ ነው ያለፈችው። ከኬንቲሽ ታውን ደግሞ ቅርብ ነው፤ ለወጣቶች በሚሰጠው የዚፕ ትራንስፖርት ካርድ አውቶቡስ በነጻ ነው።

አንዴ የተቃጠለች
ስሙን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ልኬያለሁ። አንዷ «እኔም እዚያው ነኝ፣ ትናንት ከፈልኩ» ብላ መለሰችልኝ። አለቀስን።

እናት ከኬንቲሽ ታውን
ሁላችሁም ኑሩልኝ። ልጄን አስቀምጬ አብረን አነበብነው። ቦርዷ ኤ ኪው ኤ ነው አለችኝ። ሞሉን ስጠይቃት ዝም አለች። የድሮ ተማሪ፣ ነገሩ አንተ ያልከው ሳይሆን አይቀርም።

የሁለት ልጆች እናት
እና የቱን መረጥሽ? እኔም ለሚቀጥለው ዓመት ልያዘው።

ሐረር ልጅ
መለሰች?

ዊልስደን
አልመለሰችም። ሱፉን ኤም ኤንድ ኤስ ግዢ ብያለሁ።

ጋሼ ከስቶክዌል
ለልጅቷ ቦታ ይዤላታለሁ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ይጀምራል፣ እንዳትረፍድ።

ቡና በጨው
ጋሼ፣ በሀበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ?

ጋሼ ከስቶክዌል
በሀበሻ ነዋ!