መምህራን እርስ በርስ ነጥብ መሰጣጠታቸው ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ለክርክር የቀረበው፦ በአንደኛ ደረጃ መምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ ባልደረባ ለባልደረባው የሚሰጠው ነጥብ።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ ይቅር እላለሁ። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያለው የደረጃ እድገት የምዘና ውጤት ስለሚጠይቅ፣ ባልደረባዬ የምትሞላው ቅጽ ደመወዜን ይነካል። ባለፈው ዓመት ፊደል መለየት ያቃታቸውን ልጆች እንዴት እንደማስተምር ግራ ሲገባኝ፣ በዚህ የተካነችውን የጎረቤት ክፍል መምህርት ልጠይቃት አስቤ ተውኩት፤ ጥያቄዬ በግምገማ ቀን «ክፍተት አለባት» ተብሎ እንዳይመለስብኝ ፈራሁ። ሻይ ስንጠጣ እንኳ የምናወራው ስለ ኮንዶሚኒየም ኪራይ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ኮዬ ፈጬ፦ እህቴ ያነሡት ሥጋት እውነት ነው። ሆኖም የባልደረባ ነጥብ ሲቀር ሥልጣኑ የሚጠቀለለው በእኔና በርዕሰ መምህሩ እጅ ነው፤ እኛ ደግሞ ክፍል ገብተን የምናየው ጥቂት ቀን ሲሆን፣ ማን እንደሚያረፍድና ማን የሐዘንተኛ ጓደኛውን ክፍለ ጊዜ እንደሚሸፍን የሚያውቀው አብሮ የሚውል ሰው ነው። አለቃ ብቻውን ሲመዝን አለቃን ማባበል ይበዛል፤ ይህን ከወንበሩ ሆኜ አየዋለሁ።

የሒሳብ መምህር፣ የካ አባዶ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነጥቡ በእውነት የሚሞላ አድርገው ይከራከራሉ። በእኛ የአንድ ለአምስት ቡድን ቅጹ ሳይመጣ ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ነጥብ እንዲሰጥ ተስማምተን ነበር። አንዲት መምህርት ምክንያቷን ጽፋ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ ልጇ ታሞ ስትሄድ ክፍሏን የሚይዝላት ጠፋ።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ አቃቂ፦ ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን ሂስና ግለሂስ፣ ማለትም ሰው በስብሰባ ፊት ጓዱንና ራሱን የሚተችበት መድረክ ላይ፣ ተቀምጫለሁ። በዚያ ነጥብ አልነበረም፤ ፍርሃት ግን ነበረ። ስለዚህ ቁጥሩን መሰረዝ ብቻውን አይበቃችሁም፤ የተባለው ነገር የት እንደሚደርስ ነው ሰውን ዝም የሚያሰኘው። ሁለት መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይይ፤ ማስታወሻውም በሁለቱ መካከል ብቻ ይቆይ።

ምክትል ርዕሰ መምህር፦ ጋሼ፣ ማስታወሻው ለእኔም እንዳይደርስ እስማማለሁ። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «ማስረጃው የታለ?» ሲለኝ ግን ምን አሳየዋለሁ?

የ2ኛ ክፍል መምህርት፦ የተያየንበትን ቀንና ክፍለ ጊዜ ያሳዩት። የተነጋገርነው ለእኛ ይቆይልን።